በሬው እስከ ፋሲካ ይቆይ?

ባለፈው ጥር መጨረሻ ላይ አባቴ ደወለ። አባቴ ያለ ጉዳይ የሚደውል ሰው አይደለም። ሲደውል ደግሞ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከእኔ ጤና ይጀምርና አዲስ አበባ ውስጥ አይቻቸው እስከማላውቃቸው የአገራችን ሰዎች ልጆች ድረስ ይሄዳል። ያን ቀን ግን አሳጠረው። «አንተ መቼም ሙሉ ቀን ኢንተርኔት ላይ ነው የምትውል። የበሬ ዋጋ ወዴት ነው የሚሄደው? ቦራን አሁን ልሽጠው ወይስ እስከ ፋሲካ ይቆይ?»

ቦራ ከሁለቱ በሬዎቻችን ወጣቱ ነው። ሌላው ዳለቻ ይባላል፤ አርጅቷል። ቤታችን ወሎ ውስጥ ነው፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ። ቦራ ከተሸጠ ዳለቻ ብቻውን ይቀራል፣ አንድ በሬ ደግሞ አያርስም።

«ለምን ትሸጠዋለህ አባዬ?» አልኩት።

«ዋጋውን ንገረኝ አልኩህ እንጂ ምክንያቱን መች ጠየቅኩህ?»

ስልኩን ዘግቼ «የበሬ ዋጋ» ብዬ ጻፍኩ። ያገኘሁት በየበዓሉ ዋዜማ የሚወጣውን ያንኑ ዜና ነው። ጋዜጠኛው ማይክ ይዞ ከብት ተራ መሐል ይቆማል፤ ገዢው «ዋጋው እሳት ነው» ይላል፤ ሻጩ «ገበያው ቀዝቅዟል» ይላል፤ አንድ ኃላፊ ደግሞ «በቂ አቅርቦት አለ» ይላል። ዓመተ ምሕረቱን ብትሸፍኑት የትኛው የየትኛው ዓመት እንደሆነ አትለዩትም። እኔ ደግሞ የተማርኩት ታሪክ ነው። የታሪክ ተማሪ ስለ ነገ ሲጠየቅ ሌላ መሄጃ የለውምና ወደ ኋላ ሄድኩ። ለአባቴ መልስ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ይህ ጽሑፍ በዚያ ሁለት ሳምንት ያነበብኩትና ያሰብኩት ነው።

*

ወደ ኋላ ስሄድ መጀመሪያ ያገኘሁት የአባቴን እናት ነው። አያቴ አንድ ነገር በጣም ሲጠፋ «እንደዚያ ዘመን ከብት» ትል ነበር። ዘመኑ የቱ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደረስኩም፤ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው የገባኝ። ክፉ ቀን ማለቷ ነበር። እሷም ያገኘችው ከአያቷ ይሆናል።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ለሠራዊታቸው ከብት አስገቡ። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ከብቶቹ ከህንድ የመጡ ነበሩ፤ አብሯቸው አንድ በሽታ ገባ። አገራችን ይህን በሽታ «ደስታ» ትለዋለች። ለምን እንዲህ እንደተባለ መገመት ትችላላችሁ፤ በስሙ ከጠሩት ይሰማል ብለው የፈሩ ሰዎች ያወጡለት ስም ነው የሚመስለው። የከብቱ ዓይንና አፍንጫ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ከዚያ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ በቀናት ውስጥ ይወድቃል። በሽታውን የማያውቅ አገር ውስጥ ሲገባ የሚያስቆመው አልነበረም። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ነው የሚገመተው።

እኛ ዘንድ ያ ጊዜ በሌላ ነገር ነው የሚታወቀው። ከሐይቅ ብዙ ሳይርቅ ውጫሌ አለ። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚያ ነው። በትምህርት ቤት ስለ አንቀጽ 17 ያልተጠየቀ ልጅ የለም። ውሉ በተፈረመበት ሰሞን በየመንደሩ ከብት እየወደቀ እንደነበር ግን ማንም አልነገረኝም። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተጨመሩበት። ከብቱ ባያልቅ ኖሮ ገበሬው ድርቁን ሊሻገረው ይችል ነበር ይሆናል፤ በሬ ከሌለ ግን ዝናብ ቢዘንብም ማን ያርሳል? ረሃቡ የዘለቀው ለዚህ ነው። አጼ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለሕዝቡና ለወታደሩ አርአያ ለመሆን ሞክረዋል፤ ይህ በዜና መዋዕላቸው የተመዘገበ ነገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በእጃቸው የቆፈሩት በሬ ስለሌለ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዋጋ የመጀመሪያውን ትምህርት አገኘሁ። በክፉ ቀን የተረፈ በሬ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ ሪቻርድ ፓንክረስት የሰበሰባቸው የተጓዦችና የሚሲዮናውያን ጽሑፎች ሁሉ ይህንኑ ነው የሚሉት። ያ ዋጋ ግን ማንንም አላበለጸገም፤ የሚሸጥ በሬ ያለው ሰው አልነበረማ! ለእኔ ይህ አዲስ ነገር ነበር። ዋጋ ከፍ ሲል ገበሬው ተጠቀመ ብለን እንጀምራለን፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብን ግን ገበሬው የሚሸጠው ነገር አለው ወይ የሚለውን ነው።

ከብቱ እንዴት ተመለሰ? ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለብዙዎቻችን አይጥምም። የተወሰነው ከተረፈው ተራብቶ ነው። የተወሰነው ደግሞ በዘመቻ የተወሰደ ነው። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ በወላይታው ንጉሥ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ አብሯቸው የሄደ ቫንደርሃይም የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ያየውን ጽፎ አሳትሞታል፤ ከምርኮው መካከል እጅግ ብዙ ከብት ነበረ። ሰሜኑ ላይ በሬ የጠፋበት ዋጋ ደቡቡ ላይ በሰው ሕይወት ተከፈለ ማለት ነው። ስለ ዋጋ የሚናገሩ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ዓይነቱ አቅርቦት አይጠቀስም፤ የእኛ አገር ታሪክ ውስጥ ግን አለ፤ መጻፍም አለበት።

በሽታው በእኛ አላበቃም። እየወረደ ሄዶ በ1880ዎቹ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ፤ በመንገዱ የማሳይን መንጋ ጨረሰ። ኬንያ ውስጥ ዋልተር ፕላውራይት የሚባል የእንስሳት ሐኪም ጥሩ ክትባት ካገኘለት በኋላ አሥርት ዓመታት የፈጀ ዘመቻ ተደረገበት። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ላይ መጥፋቱ ታወጀ። የሰው ልጅ ሙሉ በሙሉ ያጠፋቸው በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ፈንጣጣ ነው፣ ሁለተኛው ደስታ። በዜና ብዙም አልተወራም። እኔ በበኩሌ ግን ይህን ሳነብ ለአያቴ ብነግራት ኖሮ ብዬ ነበር።

*

ሁለተኛውን ታሪክ አባቴ ራሱ አይቶታል። በ1965 እና በ66 ልጅ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም፤ የሚያወራት አንዲት ነገር ባቲ ገበያ ላይ ያያት ናት። አባቱ ይዞት ሄዶ፣ አንድ የአፋር ሽማግሌ ላም ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የሚጠይቀው አጥቶ፣ ማታ ላይ ላሟን ለትንሽ እህል ለውጦ ሄደ። «ላሟ ደግሞ መቆም አትችልም ነበር» ይላል አባቴ። ሁልጊዜ የሚጨርሰው እዚህ ላይ ነው።

ባቲን ላላያችሁ፦ ሰኞ ሰኞ የሚቆም ትልቅ ገበያ ነው፤ ደገኛውና ቆላው የሚገናኙበት። ደገኛው እህል ይዞ ይወርዳል፣ አፋሩ ግመልና ከብት፣ ፍየልና ቅቤ ይዞ ይመጣል። እኔም በልጅነቴ ከአባቴ ጋር ከብት እየነዳሁ ሄጄ አውቃለሁ። ትዝ የሚለኝ አቧራውና የሰው እጅ ነው፤ ገዢው የበሬውን ሻኛ ይጨብጣል፣ ሽንጡን ይዳስሳል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ እያየ ለመሳደብ የቀረበ ዋጋ ይጠራል። ሚዛን የለም። ሁሉም በዓይን ነው።

አባቴ ያየውን ነገር አንድ የህንድ ተወላጅ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በቁጥር አስረድቶታል። አማርትያ ሴን በ1973 ዓ.ም. ገደማ ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥቷል፤ ጉዳዩም የእኛው ወሎ ነው። የሴን ነጥብ በአጭሩ እንዲህ ነው። አርብቶ አደር የሚኖረው በወተትና በሥጋ ብቻ አይደለም። በደኅና ጊዜ አንድ ከብት ሸጦ የሚገዛው እህል፣ ከብቱን አርዶ ከሚበላው በላይ ያቆየዋል። ስለዚህ በሕይወት የሚያቆየው የከብት ዋጋ በእህል ሲለካ ያለው ልክ ነው። ድርቅ ሲመጣ ግጦሹ ይደርቃል፣ ከብቱ ይከሳል፣ ሁሉም ከመሞቱ በፊት ልሽጠው ብሎ በአንድ ቀን አንድ ገበያ ይወጣል። ገዢ የለም፤ መኖ በሌለበት ጊዜ ከብት ማን ይገዛል? የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ እህል ግን አይወድቅም። ሴን እንዳሳየው ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንኳ አልናረም ነበር። ሰው የተራበው ገበያ ላይ እህል ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን፣ በእጁ ያለው ነገር እህል መግዛት ስላቆመም ነው። አፋሩ ደግሞ ሌላም ነገር ነበረበት። በበጋ የሚሸሽበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ በጥጥ እርሻ ተይዞ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩአቸው። በክፉ ቀን ከብቱ በበሽታ አለቀና ዋጋው ሰማይ ወጣ። በ65 ዝናቡ ጠፋና ዋጋው መሬት ወረደ። በሁለቱም ሰው አለቀ። ለዚህ ነው «የከብት ዋጋ ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» የሚል ዜና ብቻውን ምንም አይነግረኝም የምለው። በብር ሳይሆን በምን እየተለካ?

ይህ የድሮ ታሪክ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ቦረና ማለት ከብቱን በስም የሚጠራ ሕዝብ ነው፤ የቦረና ኮርማ ደግሞ ሌላ አገር ድረስ ዝናው የሄደ ዘር ነው። ያኔ በማኅበራዊ ሚዲያ ያየናቸውን ሥዕሎች አትረሱም፤ ሰዎች የወደቀች ላም በእንጨት ደግፈው ሊያነሱ ሲታገሉ። በዚያው ወራት አዲስ አበባ ውስጥ የሥጋ ዋጋ ሲጨምር እንጂ ሲወርድ አላየሁም። የከሳ ከብት ያቤሎ ላይ ረከሰ ማለት ቁርጥ ቤቱ ረከሰ ማለት አይደለም፤ በመሐል ስንት መንገድ፣ ስንት ኬላና ስንት ደላላ አለ።

በነገራችን ላይ ከ65ቱ ረሃብ በኋላ ንጉሡ ወረዱ፣ የካቲት 1967 ላይ መሬት ለአራሹ ታወጀ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። መሬት ተከፋፈለ፤ በሬ ግን አልተከፋፈለም። መሬት ያገኘው ድሃ በሬ ስላልነበረው መሬቱን በሬ ላለው ሰው ለእኩል ይሰጥ ነበር፤ የራሱን መሬት ምርት ለባለ በሬ ያካፍላል። ደሳለኝ ራህመቶ ስለ መሬት ለውጡ በጻፈው ጥናት ውስጥ የበሬ እጥረትን ነገር አንስቶታል። አንድ በሬ ያለው ደግሞ ሌላ አንድ በሬ ያለው ይፈልጋል፤ ይቀናጃሉ፣ በየተራ ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። እኛ ቤትም እንደዚያ ያደረግንበት ጊዜ አለ። በ2014 ጦርነቱ ሐይቅ ሊደርስ ሲል አባቴ አንዱን በሬ ባገኘው ዋጋ ሸጠው፤ ሁሉም እየሸጠ ስለነበር ያገኘው ዋጋ የፍየል ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል። በቀጣዩ ክረምት ከጎረቤት ጋር ተቀናጀ። የጎረቤታችን ተራ ቀድሞ ነበርና የእኛ ጤፍ ዘግይቶ ተዘራ።

*

እስከ አሁን ስለ መዓት ነው ያወራሁት፤ አባቴ የጠየቀኝ ግን ስለ ፋሲካ ነው። ወደሱ ልመለስ።

የእኛ አገር የበሬ ዋጋ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ እንዲያውም አንድ አይደለም። የኦርቶዶክስ ጾም አለ፤ 55 ቀን ሁዳዴ፣ ከዚያ በፊት የገና ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ። በሁዳዴ ሉካንዳው ይዘጋል፣ ዋጋው ይተኛል፤ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ከእንቅልፉ ይነሳል። ምክንያቱ ቅርጫ ነው። ቅርጫን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ ጎረቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ሰው ገንዘብ አዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል፣ በበዓሉ ጠዋት ተሰብስቦ ይታረዳል፣ ጉበቱ ሳይቀር እኩል እኩል ይደለደላል። እኔ የማደንቀው ድርድሩን ነው። ሥጋ በኪሎ መግዛት የማይችል ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ ሙሉ በሬ ገዢ ይሆናል። በዚያ ሳምንት ገበያ የሚወጣው ሉካንዳ ቤት ብቻ ሳይሆን መላው ሰፈር ነው። ዋጋው ላይ ያለውን ኃይል ገምቱት።

ይህን የቀን መቁጠሪያ ከሁሉ አስቀድመው በሚገባ የተረዱት የሐረርጌ ገበሬዎች ይመስሉኛል። ያረሰ በሬ ገዝተው ቤት ደጃፍ ላይ ያስሩታል። ግጦሽ አይወጣም፤ ከማሳው የሚሳሳውን የማሽላና የበቆሎ ቅጠል እያጨዱ በእጃቸው ያበሉታል። ወራት ቆይቶ «የሐረር ሰንጋ» ተብሎ አዲስ አበባ ይገባል። መሬታቸው ጠባብ ነው፣ ግጦሽ የለም፤ ግን ጊዜ ይሸጣሉ። ርካሽ ሲሆን ይገዛሉ፣ በዓል ሲደርስ ይሸጣሉ። የእኛ አገር ሰው ግን በሬውን የሚሸጠው ገንዘብ ሲቸግረው ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ገንዘብ ሲቸግርህ ከሸጥክ ዋጋውን የሚወስንልህ ችግርህ ነው።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ የሙስሊሙ ነው። የአረፋ ቀን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት እየመጣ ከእኛ ወራት ጋር ቦታ ይቀያየራል። ወሎ ውስጥ ሁለቱን በአንድ ቤት ውስጥ ነው የምንቆጥራቸው፤ የአባቴ እናት ሙስሊም ነበረች፣ አባቷ ሼክ። በሬው የማን በዓል ላይ እንደሚሄድ አይጠይቅም። ሦስተኛው የማረሻው ነው። ክረምት ሲቀርብ የሚያርስ በሬ ይፈለጋል፤ ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ ብዙ ሰው በሬውን ያወጣል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ባሕሩ አለ። የምሥራቁ ከብትና ፍየል ከጥንት ጀምሮ በበርበራና በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ይሻገራል። እዚያ ገበያ ላይ ደላላው የገዢውን እጅ በጨርቅ ሸፍኖ ይይዝና በጣት ነው የሚደራደረው፤ ከጎን የቆመ ሰው ዋጋውን አያይም። በ1990 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሚባለው በሽታ ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባ ከብት አገደች። ያ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ በሽታው በራሷ በሳዑዲና በየመን ታየና በመስከረም 1993 እንደገና ታገደ፤ ይሄኛው እገዳ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። በሶማሌ ክልል የሚኖር አርብቶ አደር መንጋው ጤነኛ ሆኖ፣ ዝናቡም ዘንቦ፣ ሪያድ ውስጥ በተፈረመ አንድ ወረቀት ግማሽ ድሃ ሆኖ አደረ። ዋጋ ከየትም ሊመጣ ይችላል።

ለምሳሌ ከብሔራዊ ባንክ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ይህ ከቦራ ጋር ምን ያገናኘዋል? ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ ከብት በውጭ ገንዘብ ያው ዋጋ ቢያወጣም በብር እጥፍ ሊሆን ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚሄደው ትንሹ ነው፤ ብዙው በኮንትሮባንድ ወደ ኬንያ፣ ወደ ሶማሊያና ወደ ሱዳን እንደሚወጣ መንግሥትም ራሱ ይናገራል። ድንበሩ ላይ ዋጋ ሲጨምር መሐል አገሩ ይከተላል። የነዳጅ ዋጋ ይጨምራል፣ የጭነት መኪና ይጨምራል። መኖውም ላይ ነው። ፋጉሎና ፉርሽ የዘይት መጭመቂያና የዱቄት ፋብሪካ ተረፈ ምርት ናቸው፤ ፋብሪካው በመለዋወጫና በጥሬ ዕቃ እጥረት ሲቆም እነሱም ይጠፋሉ። የሚያደልብ ሰው በመኖ የሚያወጣው በዓል ላይ ከሚያተርፈው ሲበልጥ ደግሞ ማድለቡን ይተወዋል፤ የሚቀጥለው ፋሲካ ላይ ሰንጋ ይቀንሳል።

ወደ 70 ሚሊዮን የሚሆን ከብት አለን፤ ከአፍሪካ አንደኛ ነን። ይህን ቁጥር እንደ ሜዳሊያ ስንደረድረው ነው ያደግነው። ግን አብዛኛው ለሥጋ ገበያ ተብሎ የሚረባ አይደለም። ለማረስ ነው፣ ለወተት ነው፣ ደግሞም ባንክ ነው። ለዚህ ነው ዋጋ ሲጨምር «ገበሬው ብዙ ያወጣል» የሚለው ስሌት እኛ ጋ የማይሠራው። ዋጋ ከጨመረ አባቴ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያህል ሸጦ የቀረውን ያቆያል። አንድ በሬ ብቻ መሸጥ ቢበቃው ሁለተኛውን ለምን ያወጣል?

*

በሁለት ሳምንቱ ማብቂያ ደወልኩለት። ያሰብኩትን በሰው ቋንቋ ለማስቀመጥ ሞከርኩ። አሁን ሁዳዴ ሊገባ ነውና አትሽጥ፤ መሸጥ ካለብህ በሕማማት ዋዜማ ነው። መንገድ ከተዘጋ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ነጋዴ ካልመጣ የደሴ ዋጋ ለሐይቅ አይሠራም። በብር ከሆነ ዋጋው ወደፊት መጨመሩ አይቀርም፤ ግን የምትገዛውም ነገር አብሮ ይጨምራል፤ ስለዚህ በሬውን ሸጠህ ብሩን ይዘህ አትቀመጥ። ምን ልትገዛበት እንደሆነ ንገረኝና እንቁጠረው።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ነገረኝ። ታናሽ ወንድሜ ሳዑዲ ሊሄድ ነው። በአፋር በኩል፣ በኦቦክ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ በየመን። ደላላው ገንዘቡን ጠርቷል። ወንድሜ «ቦራን ሽጥልኝ» ብሎታል፤ አባቴ እምቢ ማለት አልቻለም። ከሰፈራችን የሄዱትን ልጆች እናውቃቸዋለን። ቤት የሠሩ አሉ። ስልካቸው ካልሠራ ዓመት ያለፋቸውም አሉ።

«ዋጋውን የጠየቅከኝ ለዚህ ነው?» አልኩት።

«እኔ የበሬ ዋጋ ጠፍቶኝ ነው እንዴ አንተን የምጠይቅህ?» አለ። «ያንተን ቃል ይሰማል። የተማረ ነው ይላል። እስከ ክረምት ይጨምራል በለው።»

አሰብኩበት። ውሸት አልነበረም፤ ያነበብኩት ሁሉ በብር ሲለካ ይጨምራል ነው የሚለው። እውነትም አልነበረም፤ ደላላውም ዋጋውን ያወጣል፤ ሴን እንዳለው መቁጠር ያለብን አንድ በሬ ስንት እህል ሳይሆን አሁን አንድ በሬ ስንት መንገድ እንደሚገዛ ነው። ያንን ለወንድሜ እንዴት እንደምነግረው አላውቅም ነበር። 21 ዓመቱ ነው። ከእኔ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ሞፈር ከያዘ ከአባቴ እኩል ነው የሚያርሰው።

ማታ ደወልኩለት። ስለ ክፉ ቀን አልነገርኩትም፣ ስለ ሴንም። ሐረርጌዎች እንዴት እንደሚያደርጉ ነገርኩት። ዳለቻን ከክረምት በኋላ አስሮ ቢያደልበው፣ እኔ የመኖውን ግማሽ ከደሞዜ ብልክ፣ ለገና ቢያወጣው ስንት እንደሚያገኝ ተናገርኩ። በዚያ ገንዘብ ሁለት ወይፈን ይገዛል፤ ቦራም እጁ ላይ ይቀራል። እየተናገርኩ በወረቀት ላይ እየደመርኩ ነበር፤ ቁጥሩ እኔንም አላረካኝም። ኦቦክን በሚያስረሳ ቁጥር ላይ አልደረስኩም።

አልተቃወመኝም። አልተስማማም። ከጀርባው የአባቴ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ከብት ወደ በረት እያስገባ ነው።

«ፋጉሎ አሁን ኩንታሉ ስንት ገባ?» አለኝ።